ውሃው ይግባ፤ ግን አይደር

ቆይ፣ ቆይ! በሩን ከመክፈትሽ በፊት ያንን ነጭ ካልሲ አውልቂው። አዲስ መሆኑን አይቻለሁ፤ ትናንት ሦስት ጥንድ ይዘሽ ስትገቢ እዚሁ ነበርኩ። ችግሩ ጥጥ መሆኑ ነው። ነይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በይ፤ እኔ እያወራሁ አንቺ ገመድሽን ፍቺ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም፣ እንጦጦም የትም አይሄድም።

እስቲ ጋቢን አስቢ። ደረቅ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቡና ይዞ፣ ዝናቡን በመስኮት ማየትን የመሰለ ነገር የለም። አሁን ደግሞ እማዬ ባለፈው ሳምንት አጥባ ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ላይ አልደርቅ ያላትን ጋቢ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው። ያው ጋቢ ነው፣ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጥጥ ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፣ ከጠጣም በኋላ ቶሎ አይለቅም። በክሮቹ መሃል የነበረው አየር ይወጣና ቦታውን ውሃ ይይዘዋል፤ ሲያሞቅሽ የነበረው ግን ያ አየር ነበር። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይነጥቃል። ስለዚህ የረጠበ የጥጥ ካልሲ አድርገሽ ስትሮጪ እግርሽን ዘፈዘፍሽው እንጂ አላለበስሽውም። በዚያ ላይ ሲረጥብ ይጨማደዳል፤ እያንዳንዷ እጥፋት ደግሞ ተረከዝሽ ላይ ውሃ የምታስቋጥር ናት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ሱፍ። ፊትሽን አታጨፍግጊ፤ ሱፍ ስልሽ ያንን የሚኮሰኩስ የድሮ ሹራብ ማለቴ አይደለም። ግን እሱም ቢሆን እውቀት ነበረው። የመንዝ ሰው ባና የሚደርበው ለጌጥ መሰለሽ? 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጉምና በካፊያ ውስጥ በግ ሲጠብቅ የሚውል ልጅ የሚያሞቀው ያው የበጉ ጸጉር ነው። ሱፍ የክብደቱን ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት ክሩ ውስጥ ሸሽጎ ይይዝና ሲነኩት እርጥብ አይመስልም። ከዚያ በላይ ቢረጥብ እንኳን ጸጉሩ የተጠቀለለ ስለሆነ ቆዳሽ ላይ ልጥፍ አይልም፤ ጥቂት አየር ያስቀርልሻል። ለሩጫ የሚሆነው ሜሪኖ የሚባለው ስስ ሱፍ ነው። እኔ ሦስት ጥንድ ያገኘሁት መርካቶ፣ የልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ስበረብር ነው። የሦስተኛውን ጥንድ ነገር በኋላ እነግርሻለሁ። ካልሲ ስታነሺ ትንሿን ምልክት ገልብጠሽ አንብቢያት፤ ሜሪኖ ወይም ዉል የሚል ካየሽ አትከራከሪ፣ ክፈዪ። ካጣሽ ደግሞ ስሱ የስፖርት ካልሲ፣ ናይለን ወይም ፖሊስተር የሆነው፣ ከጥጥ በብዙ ይሻልሻል። እንደ ሱፍ አያሞቅም፤ ግን ውሃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ይሞቀኛል ብለሽ ሁለት ወፍራም ካልሲ አትደራርቢ። ጫማሽ ልክሽ ከሆነ ሁለተኛው ካልሲ እግርሽን ያንቀዋል፤ የታነቀ እግር ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው እግር ደግሞ ይበርደዋል። ጣቶችሽ ጫማው ውስጥ እንደ ልባቸው መንቀሳቀስ አለባቸው። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ጫማው የክረምት ጫማሽ አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ስሚኝ። እኔ እሱን ለመማር አራት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ አንቺ በነጻ ውሰጂው። እግርሽ ይረጥባል። ምንም ብታደርጊ፣ ምንም ብትገዢ ይረጥባል። ሰው ሁሉ የሚደክመው ውሃው እንዳይገባ ነው፤ አንቺ ገብቶ እንዳይቀመጥ ድከሚ።

ሲያትል ያለችው አክስታችን የላከችልኝን ጫማ ታስታውሺያለሽ? ጎርቴክስ ያለው፣ ውሃ አያስገባም የተባለለት። ለሠፈሩ ሁሉ ሳሳይ ነበር። እውነት ለመናገር በጫማው ጨርቅ በኩል አንዲት ጠብታ አልገባችም። የገባችው በአንገቱ በኩል ነው። ያን ቀን ዶፍ ወረደብኝ፤ ውሃው በባቴ እየወረደ ቀጥ ብሎ ጫማዬ ውስጥ ገባ። መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ የውጭውን ውሃ የሚያግደው ያው ጨርቅ የውስጡንም ያግደዋል። በየእግሬ አንዳንድ ጣሳ ውሃ ተሸክሜ፣ ቿ ቿ እያልኩ ከእንጦጦ ወረድኩ። ጫማውን አላማውም፤ እሷ ባለችበት አገር፣ አስፋልት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ በሚያካፋ ቀጭን ዝናብ ሥራውን ይሠራል። ለኛ ዶፍና ለኛ ሳር ግን ተራው፣ ፊቱ ወንፊት የመሰለው ስስ ጫማ ነው የሚሻለው። ውሃው በገባበት ይወጣል። ኩሬ ረግጠሽ ጥቂት እንደሮጥሽ እያንዳንዱ እርምጃሽ ይጨምቀዋል፤ የቀረችውን እርጥበት ደግሞ እግርሽ ራሱ ያሞቃታል።

ፌስታልም ሞክሬያለሁ፤ አትሳቂ። ካልሲዬ ላይ ፌስታል አጥልቄ፣ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። የዝናቡ ውሃ አልገባም፤ የላቤ ውሃ ግን አልወጣም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካልሲዬ ከውስጥ ርሶ እግሬ እንደ ሳሙና መንሸራተት ጀመረ። ፌስታል ሥራ አለው፣ ግን ሥራው ከሩጫ በኋላ ነው። እደርስበታለሁ።

በይ ቫዝሊኑን ከመስታወቱ ሥር አምጪው። በጣቶችሽ መሃል፣ ተረከዝሽ ዙሪያና ከአውራ ጣትሽ ሥር ባለው አጥንት ላይ ተቀቢ። ስስ አድርጊው፣ ለቁርስ የሚቀባ አስመሰልሽው እኮ! ቆዳ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ነጭ ይሆንና ይለሰልሳል፤ ልብስ ስታጥቢ የጣቶችሽን ጫፍ አይተሽው የለ? ያ ቆዳ ሲታሽ ቶሎ ይላጣል። እርጥበት ያለው ቆዳ ከደረቁ ይልቅ ጨርቅ ይይዘዋል፣ ቫዝሊኑ ግን ያንሸራትተዋል። ይሄም ሁሉ ሆኖ ውሃ ከቋጠረ አትላጪው። ትንሽ ከሆነ ተዪው፤ ትልቅና የሚያም ከሆነ በአልኮል የተጠረገ መርፌ ይዘሽ በጠርዙ በኩል ቀዳ አድርገሽ አፍስሺውና ቆዳውን እንደ ክዳን ተዪለት። ጥፍርሽን ቆርጠሻል? ዛሬ ቁልቁለት አለሽ፤ ረጅም ጥፍርና የረጠበ ጫማ አንድ ላይ ሲወርዱ ጥፍሩ ይጠቁራል።

ቁምጣውንስ ምን አሰብሽ? አየሽ፣ ሰው እግሩ ሲበርደው ስለ እግሩ ብቻ ያስባል። ሰውነት ብልጥ ነው፤ ብርድ ሲሰማው መጀመሪያ የሚያድነው ልብና ሳንባን ነው፣ ስለዚህ ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ መሃል ይሰበስባል። ደረትሽና ጭንሽ ከበረዳቸው በዓለም ላይ ያለ ካልሲ እግርሽን አያሞቀውም። ታይቱን ልበሺ። ቀጭኗን ጃኬት ደርቢ፣ ኮፍያም አድርጊ። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ መስቀል አደባባይ ከሚሮጠው ሰው አንቺ 4 ዲግሪ ያህል ይበርድሻል ማለት ነው። ማሟሟቂያሽንም እዚሁ ቤት ውስጥ ሥሪ። በቀዘቀዘ እግር የተጀመረ ሩጫ እስኪሞቅ ድረስ ግማሹ ያልቃል። ጫማሽንም ማታ በረንዳ ላይ ማሳደር ይቅር፤ ጠዋት በረዶ ውስጥ እግር እንደመክተት ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው» እንዳትዪኝ ብቻ። አውቅሻለሁ፣ ልትዪ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ነው፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እኛ አገር ችቦ ሲዘጋጅ። እሱም ጫማው አልመች ስላለው ነው። በ1957 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ጫማም ካልሲም ነበረው። ያውም ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ገባ።

መንገድሽን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ በብዛት የሚወርደው ከቀትር በኋላና ማታ ነው፤ ጠዋት መውጣትሽ ልክ ነው። ግን ሰማዩ ጠራ ብለሽ አትታለዪ። ጠዋት የሚያበሰብስሽ ዝናቡ አይደለም፣ ማታ የዘነበበት ሳር ነው። ጉልበት የሚደርስ ሳር ውስጥ አንድ መቶ ሜትር ከሮጥሽ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ከመታው ሰው እኩል ነሽ። ስለዚህ ደረቁን መንገድ መጀመሪያ ሩጪ፣ ሳሩን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ወደ ቤት አሥር ደቂቃ ሲቀርሽ ብትረጥቢ አይጎዳሽም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ከነዚያ ተሰልፈው ከሚሮጡት ኋላ ከገባሽ ጭቃ ፊትሽ ድረስ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ሩጪ። ሥሩን አትርገጪ፣ ከኮብልስቶኑ በላይ ያንሸራትታል። ቀይ ጭቃ ሶልሽ ሥር ከተጋገረ ደግሞ ቁሚና በእንጨት ፋቂው፤ በየእግርሽ ግማሽ ኪሎ ይዘሽ መሮጥ ጀግንነት አይደለም። አስፋልት ላይ ጎርፍ ያቆረውን ቡናማ ውሃ ዙሪው። ሥሩ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ይሁን ጠርሙስ ስባሪ አታዪም፤ የተጫረ እግር ደግሞ ያ ውሃ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ይከፋል። ነጎድጓድ ከሰማሽ ዛፍ ሥር መጠለል የለም፣ ወደ ቤት ነው።

አሁን እኔ ከሁሉም በላይ የምቆጣበት ነገር ላይ ደረስን። ሩጫው ሲያልቅ።

ባለፈው እሑድ ከሱሉልታ ስትመለሺ አይቼሻለሁ። ሮጠሽ ጨረስሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ቆመሽ ተሳሳቅሽ፣ ፎቶ ተነሳሽ፣ ሻይ ቤት ገባችሁ፣ ከዚያ በዚያው ካልሲ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥሽ። ቤት ስትገቢ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ስትሮጪ እኮ ሰውነትሽ እንደ ምድጃ ነው፣ እርጥቡን እግር እያሞቀ ይዞት ይሄዳል። ቆም ስትዪ ምድጃው ይጠፋል፤ ውሃው ግን አለ። ሰው ይበልጥ የሚበርደው በዚያች ሰዓት ነው እንጂ ሩጫው ላይ አይደለም። እና ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳሽ ውስጥ አራት ነገር ይኑር፦ ትንሽ ፎጣ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ሁለት ፌስታልና ነጠላ ጫማ። እንደጨረስሽ፣ ከሻዩም ከፎቶውም በፊት፣ ካልሲሽን አውልቂ፣ በጣቶችሽ መሃል አንድ በአንድ አድርቂ፣ ደረቁን ካልሲ አድርጊ። ነጠላ ጫማው ከበቃሽ በቃ። ብርድ ከሆነና የረጠበውን ጫማ መልሰሽ ማድረግ ግድ ከሆነብሽ፣ ያኔ ነው የፌስታሉ ሥራ፦ ደረቅ ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማው። ተቀምጠሽ ስለምትሄጂ አያልብሽም፣ የጫማው ውሃም አይደርስብሽም። ረዳቱ «እህት፣ እግርሽ ይንኮሻኮሻል» ቢልሽ ይበልሽ።

ቤት ስትገቢ ጣቶችሽ ደንዝዘው ከሆነ ወደ ከሰሉ እንዳትሮጪ። የደነዘዘ እግር ሙቀቱን አይነግርሽም፤ ከተቃጠልሽ በኋላ ነው የምታውቂው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጊ፣ መጀመሪያ በክርንሽ ሞክሪው፣ ከዚያ እግርሽን ክተቺ። ሲመለስልሽ ይነዘንዝሻል፤ አይዞሽ፣ ደሙ እየተመለሰ ነው።

ጫማው ደግሞ የራሱ ወግ አለው። በ2012 ክረምት የነበረኝን ሰማያዊ ጫማ ታስታውሺያለሽ? እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ አጠገብ አስጠግቼው፣ ማታም ከሰሉ ዳር አሳደርኩት። ጠዋት እንዴት ደስ ብሎት ደርቋል! ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ከእንጦጦ ስወርድ የግራው ሶል አፉን ከፍቶ ያወራኝ ጀመር። ሙጫው በሙቀት ለቆ ነበር። የቀኝ ሶሉ ደግሞ ስፖንጁ ኩምትር ብሎ እግሬን ወደ ውስጥ ያዘነብለኝ ነበር። በፌስታል አስሬው፣ እያነከስኩ፣ ሽሮሜዳ ድረስ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ እሳት ጫማዬን አላየውም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ጭቃውን ገና እርጥብ እያለ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ አውርጂው፣ ከደረቀ ሌላ ሥራ ነው። ገመዱን ፍቺ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ሳቢ፣ የውስጡን ሶል አውጥተሽ ለብቻው አቁሚው፤ ሰው የሚረሳት እሷን ነው፣ ውሃውን ሁሉ የምትይዘው ግን እሷ ናት። ከዚያ ጋዜጣ። አባዬ ከአልጋው ሥር የከመረውን አዲስ ዘመን ጠይቂው፤ አንብቤ አልጨረስኩም ይልሻል፣ የአምና መሆኑን አስታውሺው። ጨምድደሽ እስከ ጣቱ ድረስ ጠቅጥቂ። አንድ ሰዓት ቆይተሽ ስታወጪው ሊጨመቅ የሚችል ጋዜጣ ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሰንፈው፦ የረጠበውን ጋዜጣ እዚያው ትቶ ይተኛል። የረጠበ ጋዜጣ ጫማ ውስጥ ካደረ ጫማውን የሚያደርቀው ማን ነው? ቀይሪው፣ ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ አንዴ ቀይሪው። ከዚያ ፍሪጁ ጀርባ፣ ለብ ያለ አየር በሚወጣበት በኩል አቁሚው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ ካለች አውጪው፣ ግን ዓይንሽን አትንቀዪ፤ የሐምሌ ፀሐይ ሃያ ደቂቃም አትታመንም። ሁለተኛ ጫማ ካለሽ አፈራርቂ። አሮጌም ቢሆን ደረቅ ጫማ ከአዲስ እርጥብ ይሻላል። ያን ጊዜ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ ሽታቸውም ከበር ውጭ አያሳድራቸውም።

ስለ ሽታ ካነሳን፣ እግርሽን አሳዪኝ። የለም፣ ጣቶችሽን ፈልቀቅ አድርጊ። ደህና፣ ንጹሕ ነው። እኔ አንድ ክረምት ከትንሿ ጣቴ አጠገብ ነጭ ሆኖ ራሰ፣ ቀጥሎ አሳከከኝ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ። የጫማ ልክ ነው ብዬ አንድ ወር ዝም አልኩ። ፈንገስ ነው፤ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ሌላ ምንም አይፈልግም፣ እኔ ደግሞ ሦስቱንም በጫማ ይዤለት እዞር ነበር። ከፋርማሲ ክሎትሪማዞል ተቀብቼ በሳምንቱ ማሳከኩ ሲተወኝ ቅባቱንም ተውኩት፤ ተመልሶ መጣ። የታዘዘልሽን ጊዜ በሙሉ መጨረስ ነው። ከነጠላ ጫማዬና ከፎጣዬም እጅሽን አንሺ፣ በዚያ በኩል ይጋባል። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ለእግር ቁስል በቤት ውስጥ ሕክምና አይደክምም፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ነው። ይሄን ለአባዬም ንገሪው፤ ዝናብ ላይ በቀዳዳ ጫማ ሲመላለስ አይቼዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ለአንድ የኅዳር እሑድ ነው ትያለሽ። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፤ ኅዳር ደግሞ ደረቅ ነው፣ ያን ቀን ማንም ስለ ካልሲሽ አይጠይቅሽም። ግን 10 ኪሎ ሜትሩን የሚሮጠው እግር የሚሠራው አሁን ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ። በተላጠ ተረከዝ የሚባክን ሁለት ሳምንት የለሽም። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚሉሽንም አትስሚ፤ ጳጉሜም፣ መስከረምም ይዘንባል፤ ጋዜጣውን ቶሎ አትጨርሺ።

በይ፣ ከመሳቢያዬ ግራጫውን ጥንድ ውሰጂ። አዎ፣ ሜሪኖው ነው። ሳልጨርስ አትሳሚኝ። ስትመለሺ በቀዝቃዛ ውሃ ራስሽ እጠቢው፣ አትጠምዝዢው፣ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። እማዬ እጅ እንዳይገባ ብቻ። ሦስተኛውን ጥንድ ከአንሶላው ጋር በፈላ ውሃ ነው የቀቀለችው፤ አሁን የጎረቤታችን የስምንት ወር ልጅ ነው የሚያደርገው፣ እሱም ጠበበኝ እያለ ያለቅሳል።